የሴት እጅ ያልነካው ኬክ

እናቴ ድግሱን ልታበላሽብኝ ቆርጣ መነሣቷን ያወቅኩት ወይዘሮ ሎክሪጅን ሻይዋ በረዶ እስኪሆን ያቆየቻት ቀን ነው። ሰባት ዓመቴ ነበር። ብዙ ነገር ባይገባኝም ድግስ የሚያበላሽ ሰው ሳይ እንደማልሳሳት እርግጠኛ ነበርኩ።

ድግሱ የግልገል ስካውቶች ነው። ስቶኒ ፎርክ ውስጥ በየዓመቱ በየካቲት፣ በረዶው በከሰል ትቢያ ጠቁሮ መንገድ ዳር ተቆልሎ ሳለ፣ ወንዶቹ ልጆች ሰማያዊ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ቢጫ መሐረባቸውን አንገታቸው ላይ ቋጥረው፣ ዓመቱን ሙሉ የደከሙበትን ባጅ ይቀበላሉ። የከሰል ማዕድን ኩባንያው ክበብ አዳራሽ ከጣሪያው እስከ ወንበሩ እግር በሰማያዊና በቢጫ ወረቀት ይጠመጠማል። ሴት ልጅ ባጅ የላትም። ሆኖም በዚያ ዓመት ወይዘሮ ሎክሪጅ የሻማውን ቅርጫት ይዤ ከሁሉም ፊት እንደምገባ ቃል ገብታልኝ ነበር። ነጭ ካልሲም እሰጥሻለሁ ብላኛለች። ስለዚህ ድግሱ የእኔም ነበር።

እናቴ ቬርና የወንድሜ የዋልት ስካውት ምድብ ተንከባካቢ እናት ነበረች። በየማክሰኞው ወጥ ቤታችን ውስጥ ገመድና ሙጫ ይዘው የሚንጫጩ ልጆችን ቋጠሮ ታስተምራለች፣ የተቀደደ ኪሳቸውን ትሰፋለች፣ ሲጣሉ በጆሯቸው ይዛ ትለያያቸዋለች። የዚያ ዓመት ድግስ አዘጋጅነትም ለእሷ ደርሷት ነበር። ተራው የደረሳት በነሐሴ ነው። በጥቅምት የማዕድን ጉድጓዱ ጣሪያ በሦስት ሰዎች ላይ ወረደ፤ አንዱ አባቴ ነው። ከቀብሩ በኋላ ጎረቤቶቹ፣ ሐዘንተኛ ነሽ፣ ዘንድሮን ለሌላ ሰው ስጪው አሏት።

"ተራዬ ነው" አለች እናቴ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለዚህ ነገር የጠየቃት የለም።

በድግሱ ላይ አንድ የቆየ ወግ አለ። እያንዳንዱ ልጅ ኬክ ይዞ ይመጣል፤ ኬኩን የሚጋግሩት አባትና ልጅ ብቻ ናቸው። የሴት እጅ አይነካውም። እናት ወጥ ቤቷን ለቃ ጎረቤት ትሄዳለች፤ ስትመለስ ዱቄት ከጣሪያው ላይ ስታራግፍ ታመሻለች። ዕድሜ ልካቸውን አካፋ እንጂ ማንኪያ ጨብጠው የማያውቁ ወንዶች ያመጡትን ኬክ እያዩ መሳቅ ከባጁ የማይተናነስ የድግሱ ጣዕም ነበር። ባለፈው ዓመት አባቴና ዋልት ክሬሙን ሰማያዊ እናድርገው ብለው የቀለሙን ጠርሙስ እንዳለ ገለበጡት። በማግስቱ ከኬኩ የቀመሱት ሁሉ፣ ቄሱ ጭምር፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሰማያዊ ጥርስ ሲዘምሩ ዋሉ። አባቴ እስከ ፋሲካ ድረስ ሲያስታውሰው ይስቅ ነበር።

ወይዘሮ ሎክሪጅ የመጣችው በዚህ በኬኩ ጉዳይ ነበር። ባሏ አቶ ሎክሪጅ የማዕድኑ ሥራ አስኪያጅ ነው። ጓንቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች፤ እኔም የጓንቱን ጠጉር ለመንካት ከወንበሯ ሥር ተጠጋሁ። ድመት ድመት ይል ነበር።

"ቬርና፣ ስላንቺ ሳንነጋገር የዋልንበት ቀን የለም" አለች። "አሁን እንግዲህ አባት የሌላቸው ልጆች ሦስት ናቸው። ዋልት አለ፣ የሮዛ ልጅ ቪቶ አለ፣ የአይዳ ልጅ ሄርሼል አለ። በድግሱ ላይ ሆድ እንዲብሳቸው አንፈልግም። ካቦዎቹ በደስታ በአባት ቦታ እንቆማለን ብለዋል። ኬኩንም አብረው ይጋግራሉ፤ ባጁንም ሲቀበሉ አብረዋቸው መድረክ ላይ ይወጣሉ።"

"ለዋልት ማን ታሰበለት?" አለች እናቴ።

"አቶ ሻርፕ። ዴልበርት ሻርፕ።"

"እኔ እወደዋለሁ!" አልኩ ከወንበሩ ሥር። እውነቴን ነበር። ዴልበርት ሻርፕ መኪና አለው፤ ኪሱ ከናና ማስቲካ ተለይቶ አያውቅም፤ ሲያየኝ ሁልጊዜ ግማሹን ቆርሶ ይሰጠኛል። ከአባቴም ጋር ዓሣ ለማጥመድ አብረው ይሄዱ ነበር። ከእሱ የተሻለ ምትክ አባት ከየት ይመጣል?

እናቴ ቁልቁል አየችኝ። ከዚያ ወደ ወይዘሮ ሎክሪጅ ዞረች።

"የኬኩ ደንብ ምን ነበር የሚለው?"

"አንቺ አጥተሽው ነው? አባትና ልጅ ይጋግሩታል፤ የሴት እጅ አይነካውም።"

"እንግዲያው አባት ከሌለ ልጁ ይጋግረዋል። ደንቡ አልተነካም።"

"ብቻውን? ተዪ እንጂ ቬርና፣ የአሥር ዓመት ልጅ እኮ ነው።"

"አባቱ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነበር። እሱም ኬክ አይችልም ነበር።"

ወይዘሮ ሎክሪጅ ፈገግ ልትል ሞክራ ተወችው። የጋዜጣ ፎቶ አንሺ እንደሚመጣ፣ ልጆቹ ከካቦዎቹ ጋር ቆመው ፎቶ ቢነሡ ለሁሉም ጥሩ እንደሆነ፣ ሰዉ ኩባንያው ልጆቹን እንዳልጣላቸው እንደሚያይ ነገረቻት። እናቴ "ሻይዎ በረደ" አለቻት። እንግዳዋ ሳትጠጣው ተነሥታ ሄደች።

እኔ ነጭ ካልሲዬ አብሯት ሲወጣ ታየኝ። አለቀስኩ። እናቴ አላባበለችኝም፤ የበረደውን ሻይ ራሷ ጠጣችና ጽዋውን አጠበች።

ዛሬ እናቴ ያኔ ከነበረችበት ዕድሜ እጥፍ ሊሞላኝ ነው። ያኔ ያላወቅኩትን አሁን አውቃለሁ። ከድግሱ በኋላ ባለው ሳምንት ከዋናው ከተማ የሚመጡ መርማሪዎች፣ ጣሪያው ለምን እንደወረደ ለመስማት ይሰየሙ ነበር። ኩባንያው መልሱን አስቀድሞ አዘጋጅቶታል፦ ሦስቱ ሰዎች ለሥራ ሲቸኩሉ ምሰሶ ሳይተክሉ ገቡ፤ ጥፋቱ የሟቾቹ ነው። በዚህ ቃል ላይ የፈረመው ካቦ ዴልበርት ሻርፕ ነበር። እናቴ ይህን ታውቅ ነበር፤ እኔ ማስቲካውን ነበር የማውቀው።

ከሁለት ቀን በኋላ ዴልበርት ራሱ በጓሮ በር መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ በረዶው ላይ ቆመ፤ እናቴ ግባ አላለችውም። እኔ ከምድጃው ኋላ ሆኜ እሰማለሁ።

"ቬርና፣ አምስት ልጅ አለኝ" አለ።

"አውቃለሁ። ሁለቱን ያዋለድኩት እኔ ነኝ።"

"ቤቱም የኩባንያው ነው።"

"የኔስ ቤት የማን መሰለህ?"

ዴልበርት ባርኔጣውን በእጁ ያዞራል።

"ልጁ ቅር እንዳይለው ብዬ ነው። ልቁምለት። አንዲ እንደ ወንድሜ ነበር" አለ አባቴን በቁልምጫ ስሙ ጠርቶ።

"ለወንድምህ መጀመሪያ ቃል በሚሰጥበት ቦታ ቁምለት" አለች እናቴ። "መድረኩ ይደርሳል።" በሩንም ዘጋችው።

እኔ የተረዳሁት እንዲህ ነው፦ አምስት ልጆች ያሉት ሰው በብርድ መጥቶ የሚበላ ነገር ለምኗት ከለከለችው። ወጥ ቤታችን ውስጥ ግማሽ ድስት ባቄላ እንዳለ በዓይኔ እያየሁ። እራት ላይ ለዋልት፣ "እማዬ ስስታም ሆናለች" ብዬ ሹክ አልኩት። ዋልት ማንኪያውን አስቀምጦ፣ "አንቺ ምንም አታውቂም፤ ዝም ብለሽ ብዪ" አለኝ። እሱ ያውቅ ኖሯል። አሥር ዓመት ከሰባት ዓመት እንዲህ ይርቃል።

በድግሱ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ሮዛ ቤሊኒና አይዳ ፕራት ልጆቻቸውን ይዘው ቤታችን መጡ። የሮዛ ባል ሳንቶና የአይዳ ባል ኦሪን ከአባቴ ጋር የሞቱት ናቸው። ሮዛ ወፍራም፣ ድምፀ ትልቅ፣ ሐዘንንም ሳይቀር በቀልድ የምትናገር ሴት ነበረች። አይዳ ቀጭን ናት፤ መዝሙር ካልሆነ ድምፅዋ አይሰማም። ከእናቴ ጋር ሦስቱም ሽርጥ ለብሰው ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተደገፉ። ሦስቱ ልጆች ጠረጴዛውን ከብበው ቆሙ።

"ኔሊ፣ ነይ" አለችኝ እናቴ። እጆቿን ወደ ኋላ አጣመረች። "በሽርጤ ማሰሪያ እሰሪኝ።"

"ምን?"

"እጄን እሰሪ። ያስተማርኩሽን ቋጠሮ። የሴት እጅ ነካው የሚል አፍ እንዳይኖር።"

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጨዋታ ገጥሞኝ አያውቅም። ሮጬ አሰርኳት። ከዚያ ሮዛ ዞረችልኝ።

"ቀስ በይ እንጂ ልጄ፣ በሠርጌ ቀን እንኳ እንዲህ አልታሰርኩም።"

አይዳ ግን፣ "የኔን አጥብቂው" አለችኝ በዚያ በቀስታ ድምፅዋ። "ሄርሼል እንቁላል ሲሰብር ሳይ እጄ ያመልጠኛል።" አጠበቅኩት።

"እማዬ፣ መናገርስ ይፈቀድላችኋል?" አለ ዋልት።

"ደንቡ እጅ ይላል እንጂ አፍ አይልም" አለች እናቴ።

እንዲህ ተጀመረ። ቪቶ እንቁላሉን ከነቅርፊቱ ጨመረ፤ ሮዛ ከግድግዳው ላይ፣ "አንተ፣ ዶሮዋን ለምን አብረህ አትጨምራትም?" ትለዋለች። ሄርሼል ዱቄቱን ሲነፋ ቅንድቡ ድረስ ነጣ። ዋልት እንደ አባቴ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ እንደ አባቴ ምላሱን ከከንፈሩ ጥግ አውጥቶ ያማስላል። ቅቤ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ሦስቱም ሴቶች ባንዴ ጎንበስ አሉና፣ እጃቸው ታስሮ መሆኑ ትዝ ሲላቸው እርስ በርስ ተያዩ። ሮዛ በሳቅ ፈነዳች። ከጥቅምት ወዲህ ያ ቤት ሳቅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። እኔ ድግሱ አሁኑኑ፣ እዚሁ ቢሆን ምን ነበር አልኩ በልቤ።

ኬኩ ምድጃ ውስጥ ገባ። ቪቶ ግን መጠበቅ አይችልም፤ በየደቂቃው በሩን እየከፈተ ያየዋል። "ዝጋው! ብርድ ታስገባበታለህ!" ይሉታል እናቶቹ፤ ይዘጋውና ደግሞ ይከፍታል። በመጨረሻ ሲያወጡት ዳር ዳሩ ተነሥቷል፤ መሐሉ ግን ወደ ውስጥ ሰምጦ ጉድጓድ ሆኗል።

ልጆቹ ዙሪያውን ቆመው አዩት።

"ጣሪያው ወረደ" አለ ሄርሼል።

የምድጃው ብረት ሲቀዘቅዝ የሚያሰማው ቀጭን ድምፅ ብቻ ይሰማል። ማንም ሰው ምንም ያልተናገረው ለምን እንደሆነ አልገባኝም። እንዲያውም፣ "በክሬም ሙሉት" አልኩ።

ዋልት መልስ ሳይሰጠኝ ወደ ጓዳው ገብቶ ከገና የተረፈውን ቀይ፣ ዱላ መሳይ ከረሜላ ይዞ መጣ። በቢላ እኩል እኩል አድርጎ ቆራረጠው። ከጎን በኩል ኬኩን ሸንቆረና ዋሻ አበጀለት፤ ከዚያ አንዱን ከረሜላ አስገብቶ የተንጠለጠለውን ጣሪያ ከሥሩ ቀጥ አድርጎ ደገፈው። በጣቱ ጫፍ መታ መታ አድርጎ፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። አባቴ እንጨት ሲተክል እንዲህ እንደሚያዳምጥ ለዋልት አሳይቶት ኖሯል። ሁለተኛውን ተከለ። ሦስተኛውን ለቪቶ ሰጠው።

"አባዬ ምሰሶ ሳይተክል እግሩን አያስገባም ነበር" አለ ቪቶ።

"የኔም" አለ ሄርሼል።

"አውቃለሁ" አለ ዋልት። "አንድ ላይ እኮ ነው የሚሠሩት።"

ቀና ስል የሦስቱም ሴቶች ፊት ርሷል። እጃቸው ወደ ኋላ ታስሯል፤ እንባው እስከ አገጫቸው ወርዶ ሽርጣቸው ላይ ይንጠባጠባል፤ ጠራጊ የለውም። ከሳቁ የተነሣ መሰለኝ። ሮዛ ሁልጊዜ እስክታለቅስ ትስቅ ነበርና። የቀሚሴን ጫፍ ይዤ ከአንዷ ወደ ሌላዋ እየሮጥኩ ፊታቸውን ጠረግሁ። እናቴ ጋ ስደርስ ዝቅ አለችልኝ፤ ጉንጯ ይፋጃል። "ልፍታችሁ?" አልኳት።

"ገና ነው" አለች። "ክሬሙን ይጨርሱ።"

ባሌ ሲሞት ቤቴ የመጡት ሰዎች ደጎች ነበሩ። ከአርባው ቀን በፊት ወንበሩን ከመስኮቱ ሥር አንሥተው፣ ባዶውን እንዳታዪው ብለው፣ በቦታው የአበባ ማስቀመጫ አቆሙበት። እኔ አበባውን ወደ በረንዳ አውጥቼ ወንበሩን መለስኩ። የእናቴን ነገር የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። ሌላውን እዚህ አልጽፍም።

የድግሱ ቀን አዳራሹ ካሰብኩት በላይ ነበር። የወረቀት ጌጡን ያቀደችው እናቴ ናት፤ እያንዳንዱን የጠረጴዛ ካርድ በእጇ ጽፋዋለች፤ የምግቡንም ክፍፍል ያወጣችው እሷ ናት። ወይዘሮ ሎክሪጅ ነጩን ካልሲ ልካልኝ ነበር። እናቴ ከነመጠቅለያው መለሰችው። የሻማውን ቅርጫት ይዤ ከሁሉም ፊት የገባሁት ተረከዙ ላይ በተጣፈ ግራጫ ካልሲ ነው። ሰው ሁሉ ተረከዜን የሚያይ መስሎኝ ፊቴ ቀላ። እናቴ ግን ጥግ ላይ ቆማ፣ ንግሥት እንደምታሳልፍ ሁሉ ራሷን ቀና አድርጋ አሳለፈችኝ።

ኬኮቹ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ። አንዱ ባቡር ነው፤ አንዱ ድብ ነው ተብሏል፣ ግን ድንች ይመስላል። ሰዉ እየተሳሳቀ ይዞራል። ፈራጁ እንደ ልማዱ አቶ ሎክሪጅ ነበር። ረጅም፣ ንጹሕ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። ፎቶ አንሺው ከኋላው ይከተላል። የእኛ ልጆች ኬክ ጋ ሲደርስ ሦስቱ ከኋላው ተሰልፈው ቆመዋል።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው፣ ልጆች? ድልድይ ነው?"

"ጉድጓዱ ነው" አለ ዋልት።

"እና እነዚህ ቀያዮቹ በትሮች?"

"ምሰሶዎቹ።"

አቶ ሎክሪጅ ወደ ፎቶ አንሺው ሳይዞር እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ የካሜራውን መነጽር ከለለው። "ቆንጆ ሐሳብ ነው" አለ በዚያው ለስላሳ ድምፅ። "ማን አስተማራችሁ?"

"አባቶቻችን" አለ ዋልት።

በአዳራሹ ውስጥ ከነበሩት ወንዶች አብዛኞቹ የጉድጓዱ ሠራተኞች ናቸው። ሳህናቸውን እንደያዙ ቀጥ አሉ። ከዚያም ዓይናቸውን ወደ ሳህናቸው መለሱ፤ ሁሉም የኩባንያው ቤት ውስጥ ነው የሚያድረው። ወይዘሮ ሎክሪጅ ቶሎ ብላ በማንኪያ ብርጭቆ መታችና የምርጡ ኬክ ሽልማት ለባቡሩ መሆኑን ተናገረች። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ተናደድኩ፤ ከረሜላ ያለው የእኛ ብቻ ነበር።

ቀጥሎ ባጁ መጣ። የስካውቱ መሪ አቶ ፔል የኩባንያው ሱቅ ሻጭ ነው፤ ሲናገር ዓይኑን ከወረቀት የማያነሣ ዓይነ አፋር ሰው። የእያንዳንዱን ልጅ ስም ከአባቱ ስም ጋር ይጠራል፤ አባትና ልጅ ይወጣሉ፤ አባት ባጁን ለልጁ ይሰጣል። ሦስቱ ካቦዎች አስቀድመው መድረኩ ላይ ቆመዋል። ዴልበርት ሻርፕ በአዲስ ክራባት ከመሐል ነው። የዋልትን ባጅ በመዳፉ ይዞታል።

"ዋልተር ሁዳክ" አለ አቶ ፔል፣ "ከአቶ ዴልበርት ሻርፕ ጋር።"

ዋልት አልተነሣም።

ያልሰማ መሰለኝና በክርኔ ጎሰምኩት። ከፊቱ ያለውን ሳህን ያያል። እናቴ ከጎኑ ተቀምጣ ዳቦዋን በቅቤ ትቀባለች፤ ከዳር እስከ ዳር፣ ሳትቸኩል።

"ዋልተር ሁዳክ" አለ አቶ ፔል ደግሞ፤ ጆሮው መቅላት ጀመረ። "ከአቶ ሻርፕ ጋር።"

"ተነሣ እንጂ" አልኩት። ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። "ዋልት፣ ባጅህን ይከለክሉሃል።"

"ይከልክሉኝ" አለ ቀስ ብሎ።

ዓመቱን ሙሉ የለፋበት ባጅ ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ የመጨረሻዎቹን ሥራዎች ብቻውን፣ ጨለማ ጓሮ ውስጥ እሳት ማንደድ እየተለማመደ ነው የጨረሰው። ይህን ስለማውቅ የበለጠ ጨነቀኝ።

"ልጁ አፍሮ ነው" አለ አቶ ሎክሪጅ እየሳቀ። "ቀጣዩን ጥራ፣ ፔል።"

"ቪቶ ቤሊኒ..." ቪቶ አልተነሣም። ሮዛ እጇን ትከሻው ላይ አደረገች፤ ልትገፋው ሳይሆን እዚያው እንዲቆይ። "ሄርሼል ፕራት..." ሄርሼልም አልተነሣም። አይዳ ዓይኗን ጨፍና በሆዷ ትዘምራለች።

አዳራሹ ውስጥ የሹካ ድምፅ ጠፋ። አቶ ሎክሪጅ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣና ወደ እናቴ መጣ። ጎንበስ ብሎ፣ ፈገግታው ሳይጠፋ፣ "ወይዘሮ ሁዳክ፣ የልጆች ምሽት ነው። ቀብር አናድርገው" አላት።

"ቀብሩን ጨርሰናል" አለች እናቴ። ድምፅዋን አላነሣችም፤ ግን ጸጥታው ወሰደውና እስከ በሩ ተሰማ። "ደንቡ ልጁን በአባቱ ስም ጥሩ ነው የሚለው። ሞቷል ብላችሁ ስሙንም ቀበራችሁት እንዴ?"

አቶ ሎክሪጅ ቀና ብሎ ወደ መድረኩ አየ። ሁሉም ወደዚያ አየ። ዴልበርት ሻርፕ እዚያ ቆሞ ነበር፤ ከአዲሱ ክራባት በላይ ፊቱ እንደ ጠመኔ ነጥቷል። መዳፉን ከፍቶ ባጁን አየው። ከዚያ በአቶ ፔል ፊት ካለው ጠረጴዛ ላይ አኖረው፤ እንደሚሰበር ነገር ቀስ አድርጎ።

"ፔል" አለ፣ "በአባቱ ጥራው።"

ከመድረኩ ወርዶ ሚስቱ ጋ ሄዶ ተቀመጠ። ሌሎቹ ሁለቱ ካቦዎች ጥቂት ቆዩና ተከተሉት። ምሳ እንዳለቀባቸው ሰዎች እግራቸውን እያዩ ወረዱ።

አቶ ፔል ሥራ አስኪያጁን አየ። ወረቀቱን አየ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ ሳውቀው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዓይኑን ወደ ሰዉ አነሣ።

"የአንድሪው ሁዳክ ልጅ፣ ዋልተር።"

ወንድሜ ተነሣ። ብቻውን ወጣ፤ ባጁን ራሱ ከጠረጴዛው አነሣ።

"የሳንቶ ቤሊኒ ልጅ፣ ቪቶ። የኦሪን ፕራት ልጅ፣ ሄርሼል።"

ሦስቱ መድረኩ ላይ ተሰልፈው ቆሙ። ከኋላቸው ሰው አልነበረም። እኔ አሳዘኑኝ፤ የተቀጡ መሰለኝ። ሌሎቹ ሁሉ ከጎናቸው ትልቅ ሰው ነበራቸው። የአዳራሹ ሰው ሁሉ ግን ተነሥቶ ቆሟል፤ ሳህን የያዘው ከነሳህኑ፣ ሕፃን የታቀፈው ከነሕፃኑ። ለምን እንደቆሙ ሳላውቅ እኔም ወንበሬ ላይ ወጣሁ። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ሲያነሣ አቶ ሎክሪጅ በጣቱ፣ ተው አለው። እናቴ ደግሞ፣ "አንሣቸው" አለችው። ብልጭታው ሲበራ አየሁ።

ድል አደረግን ብዬ ይህን ታሪክ ብጨርሰው ደስ ባለኝ ነበር። በተከታዩ ሳምንት መርማሪዎቹ ተሰየሙ። ዴልበርት ሻርፕ ታሟል ተብሎ አልቀረበም፤ የፈረመው ቃል ግን ተነበበ። ውሳኔውም ኩባንያው እንደጻፈው ወጣ። በበጋው ዴልበርት አምስት ልጆቹን ጭኖ ወደ ኦሃዮ ሄደ። ለአሥር ዓመት ያህል ለገና ካርድ ይልክልን ነበር፤ እናቴ አትመልስለትም፣ አትጥለውምም። እኛም ከውሳኔው ሁለት ወር በኋላ የኩባንያውን ቤት ልቀቁ ተባልን። እናቴ ግን ከስቶኒ ፎርክ አልወጣችም። ከወንዙ ማዶ፣ ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ተከራይታ እዚያው አሳደገችን። ማክሰኞ ማክሰኞም ልጆቹ ድልድዩን ተሻግረው ይመጡ ነበር።

የዚያ ምሽት ፎቶ ጋዜጣ ላይ ይወጣል ብለን ሐሙስ ዕለት ሦስቱም ሴቶች ከነልጆቻቸው ወጥ ቤታችን ተሰበሰቡ። ዋልት ጋዜጣውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። የድግሱ ወሬ በሁለተኛው ገጽ ወጥቷል፤ በሰፊው፣ በሚያምር ፊደል። ከላዩ ያለው ፎቶ ግን የልጆቹ አልነበረም። ድግሱ ከመጀመሩ በፊት የተነሣ የተጠበሰ ቱርክ ዶሮ ነው። ሳህኑ ላይ እግሩን ሰቅሎ ተኝቷል፤ ዙሪያውን ጎመን ተደርድሮለታል።

ዋልት አንገቱን ደፋ። ሮዛ እንኳ ቀልድ አልመጣላትም። እናቴ መቀስ አንሥታ ቱርኩን በጥንቃቄ፣ ጎመኑን ሳትነካ፣ ዙሪያውን ቆረጠችው። ዱቄት በውሃ በጠበጠችና ከምድጃው በላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። ቤት ስንለቅም ፍቃ ይዛው ሄደች፤ ከወንዙ ማዶም ለጠፈችው።

ጢስ እስኪያጠቁረው ድረስ ለዓመታት እዚያ ኖረ። የመጣ እንግዳ ሁሉ ይጠይቃታል። ቄሱ ጠይቀዋታል፤ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ጠይቋታል፤ አንድ ጊዜም ኩባንያው ልኮት የመጣ ሰው ወንበር ሳይሰጠው ቆሞ ጠይቋታል።

"ወይዘሮ ሁዳክ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

እናቴ ከሥራዋ ቀና ሳትል ለሁሉም አንድ መልስ ትመልስ ነበር።

"በባሎቻችን ቦታ የሚያቆሙት ሰው ፈልገው ፈልገው፣ ያገኙት እሱን ነው።"